ያገለገለ የፎቶ ፕሪንተር፦ ውድ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈተናል?

ያገለገለ የፎቶ ፕሪንተር ገዝቶ የተቆጨ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያንገበግበው ለማሽኑ የከፈለው ገንዘብ አይደለም። የሚያንገበግበው ማሽኑን ቤቱ ካስገባ በኋላ ያፈሰሰበት ቀለም ነው። ታንክ ውስጥ የገባ ቀለም ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ አይሸጥም። ሄዱ፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው ክፍል፣ የሞተ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀለሙም ማሽኑም አብረው ይከስራሉ።

ለምሳሌ የምወስደው ፎቶ ቤቶችና መታወቂያ አታሚዎች በደንብ የሚያውቁትን ኤፕሰን ኤል 805ን ነው። ይህ ፕሪንተር በስድስት ቀለም ይሠራል፦ ጥቁር፣ ሲያን (ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሲያንና ፈዛዛ ማጀንታ። ኦሪጅናሉ ቀለም ቲ 673 የሚባለው ሲሆን ከ6731 እስከ 6736 ባለው ቁጥር ይለያል፤ አንዱ ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስድስቱን አንድ ላይ መሙላት 420 ሚሊ ሊትር ቀለም መግዛት ማለት ነው። ኤል 800፣ ኤል 810፣ ኤል 850 እና ትልቁ ኤል 1800 የሚጠቀሙትም ይህንኑ ቀለም ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለእነሱም ይሠራል።

ስለዚህ ገና ቤትዎ ሳሉ አንድ ስሌት ይሥሩ። የስድስቱን ጠርሙስ የዕለቱን ዋጋ ይጠይቁና ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ይደምሩ። የፕሪንተሩ እውነተኛ ዋጋ ይህ ድምር ነው። ፈተናውን ግን በራስዎ ቀለም አያደርጉም፤ ሻጩ ታንክ ውስጥ ባስቀረው ቀለም ነው የሚያደርጉት። ታንኩ ባዶ የሆነ ፕሪንተር ይዞ «ቀለም ሲሞሉበት ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት የሚሸጥልዎት ፕሪንተር ሳይሆን ዕጣ ነው። ዋጋውንም በዚያው ልክ ያውርዱ፤ አለዚያ ይተዉት።

ከመሄድዎ በፊት

ለሻጩ ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መጨረሻ የታተመበት መቼ ነው? ታንኩ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ማሽኑ ተከፍቶ ተጠግኖ ያውቃል? ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር ይለምኑ፦ «ወንድሜ፣ እኔ እስክመጣ ድረስ እባክህ አታብራው።» ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠዋት አምስት ጊዜ ተጠርጎ የተዘጋጀ ሄድ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ሆኖ ይታያል። እርስዎ ማየት የሚፈልጉት ግን ከእንቅልፉ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ነው።

ይዘው የሚሄዱት ብዙ አይደለም። የፕሪንተሩ ሶፍትዌር አስቀድሞ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ የፕሪንተር ዩኤስቢ ገመድ፣ ጥቂት ተራ ወረቀት፣ አምስት ስድስት ቅጠል የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት፣ ነጭ ሶፍትና የእጅ ባትሪ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት ነገር አዘጋጅተው ይያዙ። አንደኛው ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ የሚጠቁር የግራጫ ሽግግር ከጎኑ የሰው ፊትና ጥርት ያለ ሰማይ ያለበት ፎቶ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ገጹ በአንድ ቀለም የተሞላ ፋይል ነው፤ ለሲያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር አንዳንድ ገጽ፣ ለፈዛዞቹ ደግሞ በጣም የነጣ ሰማያዊና በጣም የነጣ ሮዝ።

ሳይበራ መመልከት

መጀመሪያ ታንኮቹን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ፈዛዛ ሲያን ከሲያን እኩል ጠቁሮ ከታየ ሰው ተሳስቶ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። ከታች የረጋ አተላ ካለ ቀለሙ አርጅቷል፤ ወይም ሁለት የማይስማማ ቀለም ተቀላቅሏል። ከታንኩ ወደ ሄዱ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ረዘም ያለ አየር ከታየ ይመዝግቡት። ብቻውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ በኋላ የሚያዩትን ግን ያብራራል።

በኤል 800፣ ኤል 805 እና ኤል 1800 ላይ የማጓጓዣ መቆለፊያ አለ። ፕሪንተሩ ሲጓጓዝ ቀለም እንዳይፈስ የሚዘጋ ነው። ከፈተናው በፊት መቆለፊያው ማተሚያ ቦታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ተዘግቶ ከተረሳ ቱቦው ውስጥ የቀረው ቀለም እስኪያልቅ ማሽኑ ያትምና ከዚያ ቀለሞቹ እየሳሱ ይጠፋሉ። በዚህ ምክንያት «ሄዱ ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ጤነኛ ማሽን ጥቂት አይደለም፤ ገዢ ለሆነ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው።

የማሽኑን ሥር ለማየት አያዘንብሉት፤ ቀለም ያለበትን ታንክ ማዘንበል በራሱ ችግር ይፈጥራል። ሳያዘነብሉት ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አድርገው የስልክዎን ካሜራ ከታች ያስገቡ። ነጭ ሶፍትም ከሥሩ ያሳልፉ። ሶፍቱ ቀለም ይዞ ከወጣ የቆሻሻ ቀለም መምጠጫው ስፖንጅ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ፦ ፕሪንተሩ ወደ ስፖንጁ የጣለውን ቀለም የሚቆጥረው በቆጣሪ ሲሆን ቆጣሪው በሶፍትዌር ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቆጣሪው ዜሮ ሆኖ ስፖንጁ የሞላ ማሽን ኮምፒውተር ላይ ምንም አያሳይም፤ ጠረጴዛዎ ላይ ግን ይፈስሳል።

የብሎኖቹን ጭንቅላትም አይተው ይለፉ። የተቦጫጨቁ ከሆነ ማሽኑ ተከፍቷል። መከፈቱ ነውር አይደለም፤ ሻጩ «ተነክቶ አያውቅም» ብሎ ከነበረ ግን የቀረውንም ንግግሩን በዚያው ይመዝኑት።

ቀለሙ በእርግጥ የፎቶ ቀለም ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ገዢ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሄዱ ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ነው እላለሁ። እነዚህ ባለ ስድስት ቀለም ኤፕሰኖች በሲኒና በካኒቴራ ላይ ለሚያትሙ ሰዎች ስለሚመቹ ብዙዎቹ የሰብሊሜሽን ቀለም (በሙቀት ወደ ዕቃ ወይም ጨርቅ የሚዛወር ቀለም) ተሞልቶባቸው ሠርተዋል። ኤል 1800 ደግሞ በጨርቅ ላይ ለሚታተም ፊልም ተቀይሮ ነጭ ቀለም እንዲያሳልፍ የተደረገበት ጊዜ አለ። ነጭ ቀለም ቶሎ የሚዘቅጥ ከባድ ቀለም ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሄድ ለፎቶ ይመለሳል ብዬ ገንዘቤን አላወጣም።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ደብዛዛና የሞተ መልክ ይኖረዋል፤ የሚፈካው በሙቀት ነው። በተራ ወረቀት ላይ ደማቅ ቀለሞች ያትሙ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ነጭ የፖሊስተር ጨርቅ ላይ ገልብጠው በጋለ ካውያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጫኑት። ከወረቀቱ ይልቅ ጨርቁ ላይ ፈክቶ ከወጣ ታንኩ ውስጥ ያለው የሰብሊሜሽን ቀለም ነው። ካውያ ከሌለ ወረቀቱን ይዘው ሄደው ቤትዎ ይሞክሩት፤ ክፍያው ግን ውጤቱን ይጠብቅ። ሌላም ቀላል ሙከራ አለ፦ ተራ ወረቀት ላይ ታትሞ በደረቀ ጽሑፍ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ያድርጉ። ቲ 673ን የመሰለ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ይለቃል፤ ፒግመንት የሚባለው ግን ባለበት ይቆያል።

ቀለሙ ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ማሽኑ አይረባም ማለት አይደለም። ነገር ግን ታንኩ፣ ቱቦውና ሄዱ በማጠቢያ ፈሳሽ ታጥበው ካልወጡ በላዩ ላይ ኦሪጅናል ቀለም መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። የማጠቢያውንና የባለሙያውን ዋጋ ከሻጩ ዋጋ ላይ ይቀንሱ።

ማብራትና ማዳመጥ

ሲያበሩት መጀመሪያ ያዳምጡ። ሄዱን ይዞ የሚመላለሰው ክፍል ጉዞ ወጥ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ሲቆራረጥ፣ ጫፉ ላይ ሲጋጭ ወይም ሲንቋቋ ከተሰማ ከኋላው ያለውን ግልጽ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይመልከቱ። ፕሪንተሩ ሄዱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ጥብጣብ ላይ ባሉ ደቃቅ መስመሮች ነው፤ ቅባት ወይም ቀለም ከነካው ይደናበራል። በጥንቃቄ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ከተጠረገ ብዙ ጊዜ ይድናል። መብራቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ካሉና ኮምፒውተሩ የቀለም ስፖንጁ ዕድሜ ማብቃቱን ከተናገረ ደግሞ ከላይ ያነሣነው ስፖንጅ ነው።

የኖዝል ፍተሻ፦ የሥራው ልብ

የኤል 805 ሄድ ለእያንዳንዱ ቀለም 90 ቀዳዳ (ኖዝል)፣ በድምሩ 540 ቀዳዳ አለው። ፕሪንተሩ ቀዳዳዎቹን ለመፈተሽ ራሱ በሚያትመው የኖዝል ፍተሻ ገጽ ላይ የሚያዩት እያንዳንዱ ጭረት የአንድ ቀዳዳ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህን ገጽ በችኮላ አያልፉት።

1. ምንም ዓይነት ማጥራት (ማሽኑ ሄዱን በራሱ የሚያጸዳበት ትእዛዝ) ሳያዙ የመጀመሪያውን ፍተሻ በተራ ነጭ ወረቀት ያትሙ። ወረቀቱ ላይ «1» ብለው ይጻፉበት።

2. ቢጫውን በተለመደው ብርሃን ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ሰው «ቢጫው ደህና ነው» የሚለው ስላላየው ነው። ስልክዎ ላይ ሙሉ ሰማያዊ ምስል ከፍተው ብርሃኑን ከፍ ያድርጉና ጨለም ባለ ጥግ ወረቀቱን በዚያ ብርሃን ይዩት። ቢጫ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ጭረቶቹ ጠቁረው ይወጣሉ፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል። ለፈዛዛ ሲያን ቀይ ብርሃን ይሠራል።

3. ክፍተት ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ማጥራት ያዙና ሁለተኛውን ፍተሻ ያትሙ። ሌላ አንድ ጊዜ ይድገሙና ሦስተኛውን። ከዚህ በላይ አይሂዱ፤ እያንዳንዱ ማጥራት ቀለም ወደ ስፖንጁ ይጥላል።

4. ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው የክፍተቶቹን ቦታ ያነጻጽሩ።

ብዛታቸውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ቁም ነገሩ የክፍተቶቹ ቦታ ላይ ነው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ የሚዘዋወር ክፍተት አየር ነው፤ ወይም ቀለም በበቂ አለመድረሱ ነው። ይህ በአብዛኛው የሚስተካከል ነገር ነው። እያነሰ የሚሄድ ክፍተት የደረቀ ቀለም ነው፤ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። በሦስቱም ወረቀት ላይ እዚያው ቦታ የተቀመጠ ክፍተት ግን ወይ ጠንክሮ የተደፈነ፣ ወይ የሞተ ቀዳዳ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሞተ እንደሆነ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ፎቶ ላይ ይህ ቀዳዳ የሚተወው ነጭ ሰንበር ጉርድ ፎቶ ላይ ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ደንበኛም ያየዋል።

አንድ ቀለም ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ታንኩን፣ የማጓጓዣ መቆለፊያውንና ቱቦውን እንደገና ይመልከቱ። ቀለም ሞልቶ ሳለ ገጹ ባዶውን ከወጣ ችግሩ የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፤ ሄዱ ወይም ዋናው ቦርድ ተቃጥሏል። እዚህ ላይ «ሄድ ብቻ ቀይርለት» የሚል ምክር ቢሰሙ አይቸኩሉ፤ የተቃጠለ ቦርድ አዲሱንም ሄድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቢጫው ውስጥ አረንጓዴ ከታየ ደግሞ ሄዱ በሚያርፍበት ጎማ ላይ ቀለሞች ተቀላቅለዋል፤ ጥቂት ገጽ ቢጫ ሲያትሙ ከጠራ አያስጨንቅም።

ሻጩ ቱቦ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙሉ የሚያስወጣውን ከባድ ማጥሪያ እርስዎ ፊት ለማዘዝ ከፈለገ እሺ አይበሉ። ይህ አሠራር እያንዳንዱ ታንክ ቢያንስ ሲሶ ካልሞላ አየር ይስባል፤ ስፖንጁንም በአንድ ጊዜ ብዙ ይሞላዋል።

ሙሉ ገጽ ማተም

ፍተሻው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ እጅዎን ወደ ኪስዎ አይስደዱ። የኖዝል ፍተሻ እጅግ ጥቂት ቀለም ነው የሚጠይቀው፤ ደካማ ማሽንም ያልፈዋል። አሁን ያዘጋጁትን በአንድ ቀለም የተሞላ ገጽ በከፍተኛ ጥራት በፎቶ ወረቀት ያትሙ። ገጹ ከላይ ደማቅ ሆኖ ጀምሮ ወደ ታች እየሳሳ ከሄደ ሄዱ በቂ ቀለም እየደረሰው አይደለም፤ ቱቦው ተጣጥፏል፣ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ታንኩ አየር አያስገባም። ወዲያው ሌላ የኖዝል ፍተሻ ያትሙ። ከገጹ በፊት ሙሉ የነበረው ፍተሻ አሁን ቀዳዳ ካጎደለ ምርመራው ተረጋገጠ። ወረቀት ቆጥበው ስድስቱን ሁሉ ማተም ካልፈለጉ ፍተሻው ላይ የደከሙትን መርጠው ይሞክሩ፤ የነጣውን ሮዝና የነጣውን ሰማያዊ ግን አይተዉ። ፈዛዞቹ ቀለሞች የሰው ቆዳና ሰማይ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ጥቁርና ሲያን እየታዩ እነሱ ይረሳሉ።

ከዚያ የሙከራ ፎቶውን። ይህ ማሽን የራሱ ግራጫ ቀለም ስለሌለው ግራጫውን የሚሠራው በመቀላቀል ነው፤ ስለዚህ የግራጫው ሽግግር ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ አንዱ ቀለም እየደከመ ነው፣ ወይም የተሞላው ቀለም የኩባንያው አይደለም። የኩባንያው ባልሆነ ቀለም የመጣ የቀለም መዛባት በቀለም ለውጥ ይስተካከላል፤ በወረቀቱ ስፋት እኩል እየተራራቀ የሚደጋገም ሰንበር ግን የሄድ ወይም የአሰላለፍ ጉዳይ ነው። ሄድ የማስተካከያውን ሥርዓት አንዴ አሠርተው ሰንበሩ ከጠፋ ጥሩ። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘንብለውም ይዩት፤ በጥቁሩ ክፍል ላይ የነጥብ ሰልፍ ወይም ጭረት ካለ የወረቀት ማውጫ ጥርሶቹ ወይም ሄዱ ወረቀቱን እየነካው ነው።

ወረቀት አሳሳቡን ለማየት ተራውን ወረቀት ደራርቦ ማሳለፍ ይበቃል። መታወቂያ ካርድ ለማተም የሚገዙ ከሆነ ግን ካርዱ የሚያልፍበት የሲዲ ማተሚያው ትሪ መኖሩን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

ያደረ ፈተና

ሄዱ ሥራ ሲያቆም በጎማ ክዳን ላይ አርፎ አየር እንዳያገኘው መታሸግ አለበት። ጎማው ካረጀ ወይም የደረቀ ቀለም ከጋገረበት ሄዱ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። እርስዎ ፊት በደንብ ያተመ ማሽን በማግስቱ የሚደፈነው በዚህ ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ መብራት በሥራ መሐል ሲጠፋ ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። መብራት እስኪመጣ ሰዓታት ካለፉና ባለቤቱም ማሽኑን ሳያበራው ከቀረ 540ው ቀዳዳ በሙሉ ለደረቅ አየር ተጋልጦ ይከርማል። ማጥፊያውን ሳይጫኑ ሶኬት መንቀልም ይህንኑ ያመጣል። ሻጩ ፕሪንተሩን ሲያጠፋ እጁ ወዴት እንደሚሄድ አይተው ያለፈ ታሪኩን መገመት ይችላሉ።

ስለዚህ ከተቻለ ትንሽ ቀብድ ሰጥተው፣ ማሽኑን በማጥፊያው አጥፍተው፣ በማግስቱ ይመለሱ። ቀብዱ «ነገ ሳይጠራ የሚታተመው ፍተሻ ሙሉ ከሆነ» በሚል ቃል ይሁን፤ ደላላ ካለም እሱ ፊት ይነገር። ማሽኑ እንዳይነካ ክዳኑ ላይ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ለጥፎ መሄድ የሚያስቀይም ነገር የለውም። በማግስቱ ያለ ማጥራት የወጣው ፍተሻ ከትናንቱ የመጨረሻ ገጽ ጋር አንድ ከሆነ ይህ ማሽን ቀለም ሊገዛለት ይገባል። አንድ ሁለት ጭረት ጎድሎ በአንድ ማጥራት ከተመለሰ በዋጋ ላይ የሚነጋገሩበት ነው። አንድ ቀለም ግማሹ ከጠፋ ቀብድዎን ይቀበሉ።

ፕሪንተሩ ኤፕሰን ካልሆነ

የካኖን ቀለም ረጪዎች የሚሠሩት በሙቀት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ቀለሙን አፍልታ ትተፋዋለች። ስለዚህ ያለ ቀለም ማተም ሄዱን ያቃጥለዋል፤ «ካርትሪጁ አልቆ ትንሽ አትሜበታለሁ» የሚል ሻጭ በቂ ምልክት ሰጥቶዎታል። በጎ ጎኑ የብዙዎቹ ሄድ በእጅ ወጥቶ የሚታይና የሚቀየር መሆኑ ነው። እንደ ፒክስማ ፕሮ 100 ባለ ስምንት ካርትሪጅ ማሽን ላይ ግን ያላለቁ ካርትሪጆች ገብተውበት ካልቆዩ መፈተን አይቻልም፤ ቀለሞቹ እንዳይወጡ አስቀድመው ይስማሙ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ይሠራል፤ 120 ብቻ ካለ በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል። ካርትሪጁ እዚህ ገበያ ላይ መኖሩንም ሳያጣሩ አይክፈሉ።

በሪባን የሚሠሩት እንደ ካኖን ሰልፊ ያሉት ማሽኖች የሚደፈን ቀዳዳ የላቸውም። እነሱ ላይ አንድ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ማተም ይበቃል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚያው ቦታ የሚሄድ ቀጭን መስመር ካለና ሄዱ ሲጠረግ ካልጠፋ ሄዱ ተጭሯል።

ገዝተው ሲሄዱ

የማጓጓዣ መቆለፊያውን ይዝጉ፣ የታንኮቹን ክዳን ያጥብቁ፣ ማሽኑንና ታንኩን እኩል ደረጃ ላይ አድርገው ይጫኑ፤ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ በጎኑ አይተኛ። ቤት ሲደርስ መቆለፊያውን ከፍተው ትንሽ ያሳርፉትና የኖዝል ፍተሻ ያትሙ። ስድስቱንም ጠርሙስ በአንድ ቀን መግዛት አያስፈልግም። የሻጩ ቀለም ትክክለኛ ዓይነት ከሆነ ከታችኛው መስመር ሳይወርድ በፊት የሚያልቀውን ብቻ እየተኩ ይሂዱ፤ በጉርድ ፎቶ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ፈዛዞቹ ይቀድማሉ። ጠርሙሱን ሲገዙም የክዳኑ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑንና ካርቶኑ ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሱቁ ውስጥ እያሉ ይዩ።